«ቆይ እማ፣ እየመጣ ነው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ አካባቢ ከምትኖር እናት የደረሰን ነው። አሳጥረን እናቅርበው።

«ልጄ 8 ዓመቱ ነው። በግል ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል ይማራል። ሰርቪስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያወርደዋል። 11 ሰዓት ላይ የቤት ሥራ እንጀምርና ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምንጨርሰው። አንዳንዴም 4 ይሆናል። ሥራው ከባድ ሆኖ አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ ልጁ ያውቀዋል። 7 ሲደመር 5 ስንት ነው ስለው ዝም ብሎ ያየኛል። ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ‹ቆይ እማ፣ እየመጣ ነው› ይለኛል። አባቱ ‹ሰነፍ ነው፣ አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹ተይው፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል› ትላለች። አስጠኚ ቀጠርንለት። እሷም ሲመሽባት መልሱን ትነግረዋለች። ታናሽ እህቱ ገና ኬጂ 3 ናት፤ ከሱ ቀድማ ትመልስበታለች። ባለፈው ሳምንት ትዕግስቴ አልቆ በማስመሪያ እጁን መታሁት። አላለቀሰም። እርሳሱን አንስቶ መጻፉን ቀጠለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ‹ክፍሉን ቢደግም ይሻለዋል› ብሎ ለሚቀጥለው ረቡዕ ጠርቶናል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማስመሪያው ላይ ስደርስ ሁለቴም ቆምኩ። ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ልጅሽ ራሱ ያለሽን እናንሳ። ከሁላችሁም ይልቅ ነገሩን ያስረዳው እሱ ነው። «እየመጣ ነው» አለሽ። አላውቀውም አላለም። አልሠራም አላለም። እውነቱን ነው የነገረሽ።

አንዳንድ ልጆች የሰሙትን ወይም ያዩትን ተቀብለው፣ አብላልተው፣ መልሱን በአፋቸው ወይም በእጃቸው እስኪያወጡ ከእኩዮቻቸው ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ባለሙያዎች ፕሮሰሲንግ ስፒድ የሚሉት ይህንን ፍጥነት ነው። ጀሞ ከሆንሽ ሮቶ ታውቂያለሽ። ሮቶው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ ግን ቀጭን ሲሆን ጀሪካኑ ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ። ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ቧንቧው ላይ መጮህም ውሃውን አያፈጥነውም።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ለልጆች በብዛት የሚሰጠው የዌክስለር የአእምሮ ችሎታ ፈተና መጀመሪያ የወጣው በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም ችሎታ በአምስት ዘርፍ ተከፋፍሎ ይለካል። ቋንቋ ለብቻው፣ የማገናዘብ ችሎታ ለብቻው፣ ፍጥነትም ለብቻው ነው። የፍጥነቱ ክፍል ልጁ በ2 ደቂቃ ውስጥ ስንት ምልክት በትክክል ገለበጠ፣ ስንቱን ለየ የሚል ነው። በማገናዘብ ከፍ ያለ ነጥብ አምጥቶ በፍጥነት ዝቅ የሚል ልጅ አለ። ነጥቦቹ የሚለያዩት የሚለኩት ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል እቤታችሁ አይግባ። እኛ አገር ይህ ቃል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ሲወረወር ስለኖረ፣ ልጅሽ ላይ ከተለጠፈ ሰው ሁሉ የሚያየው ሌላ ልጅ ነው። ፈዛዛ፣ ቀርፋፋ፣ «ልብ የለህም እንዴ» የሚሉትንም አስወጪልኝ። ስለ ልጅሽ ሰው ሲጠይቅሽ «ጊዜ ይፈልጋል» በይ። በቂ ነው።

አሁን ወደ 11 ሰዓቱ ጠረጴዛ እንምጣ። 7 ሲደመር 5 አልሽው። ዝም አለ። ከዚያ ምን አደረግሽ? «ደግሜ እጠይቀዋለሁ» ብለሻል። እኔ ደግሞ የምትደግሚው በሌላ ቃል እንደሆነ እገምታለሁ። «7 ብርቱካን ቢኖርህ፣ 5 ብጨምርልህ?» ከዚያ «በጣትህ ቁጠር እስቲ»። ከዚያ «ትናንት ሠርተነው አልነበረም?» በቀና ልብ ነው፤ ልታግዢው ነው። ግን ልጁ 7 ይዞ፣ 8፣ 9 እያለ ውስጥ ውስጡን እየቆጠረ ነበር። ብርቱካኑ ሲመጣ ቆጠራው ፈረሰ። አዲሱን ጥያቄ መስማት፣ መረዳት፣ ከዜሮ መጀመር አለበት። 10 ላይ ሲደርስ ደግሞ «በጣትህ» መጣ። በአንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስጀመርሽው። ከውጭ ለሚያየው ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ነው።

ይህን የማውቀው ስላደረግሁት ነው። 2ኛና 3ኛ ክፍል ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ጠይቄ፣ እጅ የወጣበትን አይቼ፣ ዝም ያለውን አልፌ እሄድ ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጠች መምህራን ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቁ ለክታ ነበር። በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ አንዲት በሴሚስተሩ ሁሉ አፏን ከፍታልኝ የማታውቅ ልጅ ፊት ቆሜ ውስጤ እስከ 10 ቆጠርኩ። 8 ላይ መለሰች። ትክክል ነበረች። የዚያን ቀን ደስታዬና ሐፍረቴ እኩል ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክርሽ ዝምታን ነው። ጥያቄውን አንዴ፣ በአጭሩ ጠይቂው። ከዚያ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ፊቱን አትመልከቺው፣ መታየቱ በራሱ ያስጨንቃል። የሚከካ ምስር ካለሽ ልቀሚ፣ ልብስ እጠፊ። 10 ደርሰሽ ካልመጣ «ልጠብቅህ ወይስ ልድገምልህ?» በይው። ድገሚልኝ ካለሽ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ቃል ድገሚለት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚከብዱሽ አውቃለሁ። እኛ ሰዎች ጸጥታ አይመቸንም፤ ዝም ያለ ልጅ ያልሰማ ይመስለናል።

ሁለተኛው ነገር ብዛቱ ነው። ለ8 ዓመት ልጅ አራት ሰዓት ተኩል የቤት ሥራ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ከሥራ መጥቶ ሌላ ግማሽ ቀን ሥራ ግባ እንደማለት ነው። የቤት ሥራን ለብዙ ዓመታት ያጠናው የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሃሪስ ኩፐር የሚታወቅበት ሐሳብ አለ። በየክፍሉ 10 ደቂቃ ይላል፤ 1ኛ ክፍል 10፣ 2ኛ ክፍል 20 ደቂቃ እንደማለት ነው። የአሜሪካ የመምህራን ማኅበርም የወላጆች ማኅበርም የተቀበሉት መለኪያ ነው። ኩፐር ከባልደረቦቹ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በታችኞቹ ክፍሎች የቤት ሥራ ብዛት ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት በጣም ደካማ ሆኖ ነው የተገኘው። እኛ አገር ግን ብዙ ወላጅ ደብተሩ ካልሞላ «ምን እየተማረ ነው የምከፍለው» ይላል። ትምህርት ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ይጭናል። ጫናው የሚመጣው ከሁለታችንም ነው።

እንዲህ አድርጊ። ከሰርቪስ ሲወርድ መክሰሱን ይብላ፣ ይሩጥ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይምታ። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ተቀመጡ። 15 ደቂቃ ሠርቶ ይነሳ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ትንሽ ይዝለል። ሌላ 15 ደቂቃ። ከዚያ የቀረው ካለ ቢበዛ 10። አለቀ። ደብተሩ ይዘጋል፤ ጥያቄ ቢቀርም ይዘጋል። የስልክሽን ሰዓት ቆጣሪ ልትጠቀሚ ትችያለሽ፣ ግን ከመጀመሪያው ንገሪው፤ «ይሄ ሰዓት የሚጮኸው ልናቆም ነው እንጂ አንተን ሊያቻኩልህ አይደለም» በይው። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቶ 12 ሰዓት ተኩል ቢነሳ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያገኛል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። አሁን 4 ሰዓት ላይ እየተኛ ከዚያ በታች ነው ያለው። ያልተኛ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይዘገያል። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያልጨረሰው ሥራ ተጨምሮበት ይመጣል።

ይህ የመጨረሻው በተለይ ይጣራልኝ። ደብተሩን ገልጠሽ እዪ። ማታ ከምትሠሩት ውስጥ ስንቱ እውነተኛ የቤት ሥራ ነው፣ ስንቱ ክፍል ውስጥ ከሰሌዳ ገልብጦ ያልጨረሰው ክላስ ወርክ ነው? እንደ ልጅሽ ያሉ ልጆች ሁለቱንም ይሸከማሉ። ፈጣኑ ልጅ አንድ ገጽ ይዞ ሲሄድ እሱ ሦስት ይዞ ይመጣል። ሌላው ጊዜ የሚበላው ደግሞ «ጥያቄውን ገልብጣችሁ ሥሩ» የምትባለዋ ነገር ናት። አሥር የሳይንስ ጥያቄ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ከመጽሐፍ ወደ ደብተር። ልጁ ፊደል በፊደል ያያል፣ ይጽፋል፣ ቦታው ይጠፋበታል፣ እንደገና ይፈልጋል። መልሱ አንዲት ቃል ናት። እሷ ጋ ሲደርስ እጁም ዓይኑም ደክሟል። መምህርቷ እሺ እስክትልሽ አትጠብቂ፤ ከነገ ጀምሮ ቁጥሩንና መልሱን ብቻ ይጻፍ። ለመምህርቷም በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ጻፊላት። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«ሰላም ሚስ። ልጄ ዛሬ 40 ደቂቃ ሠርቶ 6ኛው ጥያቄ ላይ ቆሟል። የቀሩትን 4 በቃል ጠይቄው ሦስቱን መልሷል። ጥያቄዎቹን መገልበጥ በጣም ስለሚያደክመው መልሱን ብቻ ጽፏል። ስለ ትብብርሽ አመሰግናለሁ።»

አየሽ፣ ልመናም ጠብም የለበትም። ያደረገውን ብቻ ነው የሚናገረው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ጻፊው። ለረቡዕም፣ ከረቡዕ በኋላም ከማንኛውም ክርክር በላይ የሚረዳሽ ይህ ነው።

ወርክሺቱ ላይ 20 ጥያቄ ተደርድሮ ሲያይ ልጁ ገና ሳይጀምር ይደነግጣል። በሌላ ወረቀት ሸፍኚውና አራቱን ብቻ አሳዪው። አራቱን ሲጨርስ ወረቀቱን ዝቅ አድርጊ። ሥራው ምን እንደሚፈልግም ለዪው። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ በእጁ ይጻፍ፣ ጥቂት መስመር በጥንቃቄ። የሳይንስ ወይም የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ ከሆነ ግን የሚፈለገው ማወቁ ነው። እሱ ይንገርሽ፣ አንቺ ጻፊለት። እንግሊዝኛውንም መጀመሪያ በአማርኛ አውሩት። ልጅሽ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ፣ በአማርኛ አስቦ፣ በእንግሊዝኛ መልሶ መጻፍ አለበት። የፊደል ገበታው ብቻ ከ230 በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የላቲኑ ትልቅና ትንሽ። ለፈጣን ልጅም ቀላል ሸክም አይደለም።

አስጠኚዋን አታባርሪ። ግን ሥራዋን ለውጪላት። የቤት ሥራ ማስጨረስ የሷ ሥራ አይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ሳይደክም መጥታ የሳምንቱን አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ታጠንክርለት። ትንሿን እህቱን ደግሞ በዚያ ሰዓት ከጠረጴዛው አርቂያት። እሷም ልጅ ናት፣ ማወቋን ማሳየት ትወዳለች። «ታናሽህ እንኳን» የሚለውን ግን ከማንም አፍ አልስማ።

ስለ ባለቤትሽ። በክርክር አታሳምኚውም። አንድ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው። ቀኝ እጁ ከሆነ የሚጽፍበት፣ በግራው አምስት መስመር ከጋዜጣ እንዲገለብጥ ጠይቂው። እሱ ሲጽፍ አጠገቡ ቆመሽ «ቶሎ በል እንጂ፣ ይሄ ቀላል እኮ ነው፣ ትናንት ጽፈኸው የለ» በይው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሊቆጣሽ ይችላል። ያኔ ልጁ በየማታው የሚሰማው ይሄ መሆኑን ንገሪው። በነጋታው የቤት ሥራውን እሱ ያሠራው፣ በዝምታው ሕግ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ግማሽ ልክ ናቸው። እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል። ግን ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው የሚሄደው። «ተይው» ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ አንዳንድ ነገር ይታይለት። ዓይኑና ጆሮው መጀመሪያ። ከዚያ ደሙ፤ የአይረን እጥረት ልጅን ያደክማል፣ ትኩረቱንም ይነሳዋል። ምሳና እራት ላይ ሻይ የሚጠጣ ከሆነ ከምግብ አርቁት፤ ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ሌላም አንድ ነገር አስተውዪ። ለጥቂት ሰከንዶች አንድ ቦታ ላይ ዓይኑ ተተክሎ፣ ስትጠሪው ሳይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ልጆች ላይ የሚታይ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሳይወድቁ፣ ሳይንቀጠቀጡ ነው የሚመጣው፤ ሰው መፍዘዝ ይለዋል፤ በመድኃኒት ይታከማል። ልጅሽ «እየመጣ ነው» እያለ ስለሚመልስልሽ ይሄ ነው ብዬ አላስብም። ማየቱ ግን አይከፋም።

እነዚህ ደህና ከሆኑ የልጆች ሳይኮሎጂስት ወይም የልጆች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይየው። በብዙ ልጆች ላይ መዘግየት ለብቻው አይመጣም፤ የትኩረት ችግር፣ የማንበብ ችግር ማለትም ዲስሌክሲያ፣ ወይም ጭንቀት አብሮ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 12ና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አለ። በሩ ላይ «አእምሮ» የሚል ስላየሽ አትመለሺ። ብዙ እናት ከዚያ በር ተመልሳ ሁለት ሦስት ዓመት ያባከነች አውቃለሁ። ፈተና ከተሰጠው ደግሞ አንድ አጠቃላይ ቁጥር ተቀብለሽ አትምጪ፣ የየዘርፉን ውጤት ጠይቂ። ፈተናዎቹ በፈረንጅ ልጆች ላይ ተመዝነው የተሠሩ ስለሆኑ የባለሙያው ማብራሪያ ከቁጥሩ እኩል ይጠቅምሻል።

ረቡዕ እንግዲህ። ክፍል ይድገም የሚለውን እኔ በበኩሌ አልደግፍም። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል ብለሽ ነግረሽኛል። የሚያውቀውን ትምህርት እንደገና መማር ፍጥነቱን አይጨምርለትም፤ ጓደኞቹን ግን ያሳጣዋል። ብቻ ይህን ከመናገርሽ በፊት አንቺም እርግጠኛ ሁኚ። ከዚህ ሴሚስተር የሒሳብ ፈተና ላይ የተሳሳታቸውን ጥያቄዎች እቤት፣ በቃል፣ ጊዜ ሰጥተሽ ጠይቂው። ከመለሳቸው ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ። ከመምህርቷና ከዩኒት ሊደሩ ሦስት ነገር ለምኚ፤ የፈተና ተጨማሪ ሰዓት ወይም ያነሰ ጥያቄ፣ ከሰሌዳ የሚገለበጠው በፎቶ ወይም በወረቀት እንዲሰጠው፣ ክፍል ውስጥም ድንገት ከመጠየቅ ይልቅ «ቀጥሎ አንተን እጠይቅሃለሁ» እንዲሉት። ሦስቱም ገንዘብ አያስወጡም። እምቢ ካሉሽ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ሽንፈት አይደለም። ካርዱን ሲሰጡሽም ስንተኛ እንደወጣ ፊቱ ላይ አትጠይቂ። ደረጃ የሚነግርሽ ማን እንደቀደመ ነው፣ እሱ ደግሞ መቅደም አይደለም የጎደለው።

አሁን ወደ ማስመሪያው። እኔ የደነገጥኩት መምታትሽ ላይ ብቻ አይደለም። አለማልቀሱ ላይ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ተመትቶ ካላለቀሰ፣ ይገባኛል ብሎ ተቀብሎት ሊሆን ይችላል። ይህ እንዲያድርበት አልፈልግም፣ አንቺም አትፈልጊም፤ እንቅልፍ ያጣሽው ለዚህ ነው። ዛሬ ማታ ደብተር ሳይከፈት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ይቅርታ ጠይቂው። «ያን ቀን እጅህን መታሁህ። ልክ አልነበርኩም። አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ እኔ ነኝ መጠበቅ ያቃተኝ» በይው። ትምህርቱን አትጨምሪበት፣ «አንተም ግን» የምትል ቃል አትግባ።

ከዚያ ዝም በይ። ወዲያው ላይመልስልሽ ይችላል። እየመጣ ስለሆነ ጠብቂው።